ችሎታ ሲረክስ የሚቀረው ጠባይ፦ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልሞች ድብድብ እንዴት ይነበባል?

በባሕር ዳር፣ በተለይም ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል በጣና ዳር ባሉት የቡናና የጭማቂ ቤቶች፣ ወጣቶች በስልካቸው ከሚቀባበሏቸው ቪዲዮዎች መካከል ከረጃጅም ፊልሞች ተቆርጠው የወጡ የድብድብ ትዕይንቶች ቀላል የማይባል ቦታ አላቸው። ቁራጮቹ ሁለት ደቂቃ፣ ቢበዛ አራት ደቂቃ የሚፈጁ ናቸው፤ ከዚያ በፊት ምን እንደተፈጸመም ሆነ በኋላ ምን እንደሚከተል አይናገሩም። የሚያስነሡት ክርክርም ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ማን ይበልጣል፣ ይኼኛው ከዚያኛው ጋር ቢገጥም ማን ያሸንፋል የሚል። ክርክሩ አዝናኝ መሆኑን አልክድም። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ላይ ሲደርስ ግን ጥያቄው ብዙ አያስኬድም ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ይህ የፊልም ዘርፍ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ የመዋጋትን ችሎታ ርካሽ አድርጎታል። በሌላው ዓይነት ፊልም አክተሩ ሰይፍ ለመማር ዓመታትን ተራራ ላይ ያሳልፋል። በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ግን ችሎታ በሽቦ ወደ አእምሮ ይጫናል፣ በፋብሪካ ይመረታል፣ በመርፌ ይሰጣል፣ ከሌላ ዓለም በውሰት ይመጣል። ችሎታ እንዲህ እንደ ልብ የሚገኝ ነገር ከሆነ በኋላ፣ ሁለት ተፋላሚዎችን ለመለየት የሚቀረው ጠባያቸው ነው።

ለዚህ ከሁሉ ግልጹ ምሳሌ በ1999 ለእይታ የበቃው «ዘ ማትሪክስ» ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት የፊልም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኒዮ ወንበር ላይ ተጋድሞ፣ ከራስ ቅሉ ጀርባ በተሰካ ሽቦ አማካይነት የውጊያ ጥበብ በሰዓታት ውስጥ ይጫንለታል፤ ዐይኑን ሲገልጥ ኩንግ ፉ ማወቁን ይናገራል፤ መምህሩ ሞርፊየስም እንዲያሳየው ይጠይቀዋል። ቀጥሎ በሚመጣው የልምምድ አዳራሽ ግጥሚያ የኒዮ ዕውቀት ምንም ጉድለት የለበትም። ታዲያ ለምን ይሸነፋል? እንቅስቃሴውን አስተውለን ብናይ፣ ኒዮ ችሎታውን ለማሳየት ይቸኩላል፤ አቋሙን ያሳምራል፣ አፍንጫውን በአውራ ጣቱ ይነካል፣ ምቱን ያበዛል። ሞርፊየስ ግን አንድም ትርፍ እንቅስቃሴ የለውም። ወጣቱ የወደቀው ጡንቻው ደክሞ ሳይሆን፣ የቆመበት በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም እውነተኛ ነው የሚለውን እምነት ገና ስላልለቀቀ መሆኑን መምህሩ በጥያቄ ያስረዳዋል። ፊልሙ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ፣ ከሞት የተነሣው ኒዮ የጠላቱን የኤጀንት ስሚዝን የቡጢ ናዳ በአንድ እጁ ብቻ፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ያለ እስኪመስል ድረስ ረጋ ብሎ ይመክተዋል። ለማስደነቅ የተደረገ አንድም ነገር የለም። ብዙውን ጊዜ ፊቱ የማይለዋወጠው ስሚዝ ደግሞ በዚሁ ቅጽበት ይናደዳል፤ ምቱ እየፈጠነ በሄደ መጠን ቁጥብነቱ ይጠፋል። የሆንግ ኮንጉ የድብድብ አቀናባሪ ዩኤን ዎ ፒንግ ተዋንያኑን ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ለወራት አሠልጥኗቸዋል፤ ያ ሁሉ ድካም ከምንም በላይ የጠቀመው ለአየር ላይ ዝላዩ ሳይሆን፣ አንድ ሰው በፊልሙ መጀመሪያና መጨረሻ የሚዋጋበት መንገድ እንዲህ ተለይቶ እንዲታይ ለማድረጉ ይመስለኛል።

በእኛ አካባቢ ባሕል ጀግና ከመግጠሙ በፊት ይናገራል። ጎጃሜውም ሆነ ጎንደሬው በፉከራው፣ በቀረርቶውና በሽለላው ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነና ምን እንደሠራ በራሱ አንደበት ያስታውቃል። ይህን ልማድ ይዞ ያደገ ተመልካች የውጭ ፊልም ሲያይ የተፋላሚዎቹ ዝምታ ግር ሊለው ይችላል። ነገር ግን ያው ተመልካች ሌላም ነገር ያውቃል፤ ጉግስ ማየት። በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ የተገኘ ሰው እንደሚያውቀው፣ በጉግስ አሳዳጁ ዘንጉን ይወረውራል፣ ተሳዳጁ በጋሻው ይመክታል፤ ከዚያም ተራው ይገለበጣል። አዋቂ ተመልካች ብዙ ጊዜ ዐይኑን የሚጥለው በተሳዳጁ ላይ ነው፤ ፈረሱን አላግባብ ይገርፋል ወይ፣ ጋሻውን ሳይዞር መክቶ ይጋልባል ወይ፣ ሲመታ ይቆጣል ወይስ ይስቃል? ሲያሳድድ ጎበዝ የማይመስል ፈረሰኛ የለምና። የሳይንሳዊ ልብ ወለድን ድብድብ ለማንበብም የሚያስፈልገው ዐይን ይኸው ነው። የውጊያ ስልት የአንድ ገጸ ባሕርይ ልማድ ነው፤ ከየት እንደመጣና ማን እንዳሠለጠነው ይነግረናል። ጠባዩ ግን የሚገለጠው ያ ልማድ በማያዋጣበት ቦታ ላይ ምን እንደሚያደርግ ስናይ ነው። ስለዚህ ስልቱን ብቻ ሳይሆን ስልቱ የሚሰበርበትን ነጥብ መፈለግ ያስፈልጋል።

በዚህ ረገድ «ስታር ዋርስ» ከ1977 ጀምሮ ደጋግሞ የሠራበት ስለሆነ ጊዜ ወስዶ ማየት ይገባል። በ1999 በወጣው ክፍል መጨረሻ ሦስት ተዋጊዎች ማለትም ኳይጎን፣ ተማሪው ኦቢ ዋንና ጠላታቸው ዳርት ሞል በፍልሚያ ላይ እንዳሉ በመካከላቸው ቀይ የጨረር በሮች በድንገት ይዘጋሉ። ድብድቡ ለአፍታ ይቆማል፤ ማንም አይናገርም። ኳይጎን የብርሃን ሰይፉን አጥፍቶ ይንበረከክና ዐይኑን ይጨፍናል። ሞል የጨረሩን ግድግዳ በሰይፉ ጫፍ ነካ እያደረገ ከወዲህ ወዲያ ይንጎራደዳል። ከኋላ የቀረው ኦቢ ዋን በሩ ሲከፈት ለመሮጥ በእግሩ ጣቶች ላይ ቆሟል። ሦስቱም ገጸ ባሕርያት ከዚያ በፊት በሁለት ሰዓት ንግግር ካስረዱን ይልቅ በእነዚህ ጥቂት ሰከንዶች ማንነታቸውን በይበልጥ አስረድተውናል። በቻይናው የውጊያ ስፖርት በውሹ የሠለጠነው ሬይ ፓርክ የተጫወተው ሞል በፊልሙ ውስጥ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ሆኖም ከፊልሙ የተረሳ አልሆነም፤ ያስታወሰን መንጎራደዱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ደግሞ ስልት እንዴት እንደሚሰበር ያሳያል። ኳይጎን ሲገደል ኦቢ ዋን የተማረውን ሁሉ ትቶ በቁጣ ይገባል፤ ፈጣን ነው፣ ኃይለኛ ነው፣ የሞልን ባለ ሁለት ስለት ሰይፍም ከመካከሉ ይቆርጠዋል፤ ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ በሞል ተገፍቶ ጉድጓድ ውስጥ ይንጠለጠላል። የሚያሸንፈው ተንጠልጥሎ ሳለ ትንፋሹን ሲሰበስብ ነው። በቁጣው ቢያሸንፍ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ሰው ይፈጥርልን ነበር።

በ1980ው ክፍል ዳርት ቬደር ከወጣቱ ሉክ ጋር ሲገጥም መጀመሪያ ላይ ሰይፉን በአንድ እጁ ብቻ ይዞ ነው። ለመግደል አልመጣም፤ ሊያጠምድና ሊመዝን ነው የመጣው፤ ይህንን ደግሞ ከመናገሩ በፊት ክንዱ ነግሮናል። እዚህ ላይ አንድ የጎን ወሬ ልጨምር፤ ቬደር በተባለው አንድ ገጸ ባሕርይ ውስጥ ብዙ ሰዎች አሉ። አካሉ ዴቪድ ፕራውዝ፣ ድምፁ ጄምስ ኧርል ጆንስ ሲሆን፣ በ1980ውና በ1983ቱ ፊልሞች ሰይፍ የሚመዝዘው በ1952 ኦሊምፒክ ለብሪታንያ የተሳተፈው የሻሞላ ግጥሚያ ተወዳዳሪ ቦብ አንደርሰን ነበር። የቬደር እርጋታ፣ አንድ እርምጃ እንኳ ሳይባክን ወደፊት መግፋቱ፣ የዚህ ሰው የዕድሜ ልክ ልምድ ነው። ጭምብሉ ፊቱን ስለሸፈነው ጠባዩን የሚያሳይበት ሌላ መንገድ አልነበረውም።

በእኔ ግምት የዘርፉ ምርጥ ድብድብ የ1983ቱ ነው፤ በቴክኒክ ደረጃ ግን ከኋለኞቹ ሁሉ ያነሰ ይመስላል። ሉክ ከአባቱ ከቬደር ጋር መዋጋት አይፈልግም፤ ሰይፉን ያጠፋል፣ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ በጨለማ ይደበቃል። ቬደር ሐሳቡን አንብቦ እኅቱ ላይ ሲዝት ሉክ ይፈነዳል። ከዚህ በኋላ ያለው ሃያና ሠላሳ ሰከንድ ምንም ዓይነት ሥልጠና የሌለው ሰው የሚያደርገው ነው፤ ሉክ ከላይ ወደ ታች፣ ደጋግሞ፣ ያለ አቋም፣ ያለ መከላከል ይቀጠቅጣል። አባቱን መሬት ላይ ጥሎ እጁን ይቆርጠዋል። ከዚያም የተቆረጠውን ሰው ሠራሽ እጅ ያያል፣ ቀጥሎም የራሱን በጓንት የተሸፈነ ሰው ሠራሽ እጅ ያያል። ሰይፉን ይወረውረዋል። በቁራጭ ቪዲዮ ይህን ትዕይንት ያየ ሰው «ሉክ ቬደርን አሸነፈው» ብሎ ያልፋል። ሙሉውን ፊልም ያየ ግን ሉክ በዚያች ሠላሳ ሰከንድ እየተሸነፈ እንደነበረ፣ ያሸነፈውም መሣሪያውን ሲጥል ብቻ እንደሆነ ይገነዘባል።

ይኸው ሰው በ2017ቱ ክፍል አርጅቶ ይመለሳል። በነጭ ጨው በተሸፈነችና ሲረግጧት ቀይ በምትሆን ፕላኔት ላይ ከእኅቱ ልጅ ከካይሎ ሬን ጋር ይፋጠጣል። ካይሎ በ2015ቱ ፊልም በበረዶ ጫካ ውስጥ የቆሰለ ጎኑን በቡጢው እየደበደበ ሲዋጋ ያየነው ወጣት ነው፤ ሰይፉም እንደ ራሱ ያልተረጋጋና የሚንቀለቀል ነው። እዚህም እንደዚያው ተንደርድሮ ይመጣል። ሉክ ጎንበስ ይላል፣ ገለል ይላል፤ አንድ ጊዜም አይመታም፣ ሰይፎቹም አይጋጩም። ጠንቃቃ ተመልካች የካይሎ እግር ቀይ ዱካ ሲተው የሉክ እንደማይተው ያያል፤ ምክንያቱም ሉክ በአካል እዚያ የለም። በ1983 የጣለውን ሰይፍ ከ34 ዓመት በኋላ በዚሁ መንገድ ያጠናቅቀዋል፤ የመጨረሻ ድብድቡ ምንም ምት የሌለበት ድብድብ ሆነ። በፊልሙ ሌሎች ነገሮች ላይ ተመልካች ብዙ ተከራክሯል፤ ይህ ትዕይንት ግን የገጸ ባሕርዩን መንገድ የጠበቀ ነው።

«ዱን» ደግሞ ነገሩን በሕግ ያስቀምጠዋል። በዚያ ዓለም ተዋጊዎች በሰውነታቸው ዙሪያ የማይታይ መከላከያ ያበራሉ፤ መከላከያው ፈጣን ምትን ያግዳል፣ ቀስ ብሎ የሚገባን ስለት ግን ያሳልፋል። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ለድብድብ የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ እንዲህ ያለው ሕግ ነው፤ ሕጉን አንዴ ከተረዳን በኋላ ገጸ ባሕርዩ መቼ እንደጠበቀውና መቼ እንደጣሰው ራሳችን መለካት እንችላለን። በ2021ዱ ፊልም ወጣቱ ፖል ከአሠልጣኙ ከገርኒ ጋር ሲለማመድ ያደገበት ልማድ ይኸው ነው፤ እጁ በፍጥነት ይሄድና በመጨረሻዋ ቅጽበት ይዘገያል። በፊልሙ ማብቂያ በረሃ ላይ ከበረሃው ሰዎች አንዱ ከሆነው ከጃሚስ ጋር ለሞት ሲገጥም መከላከያ የለም፣ የሚያዘገይ ምክንያትም የለም። ፖል ይበልጠዋል፤ ስለቱን አንገቱ ላይ አድርጎ እጅ እንዲሰጥ ይጠይቀዋል፤ ይለቀዋል፤ ደግሞ ይይዘዋል። የበረሃው ሰዎች መሪ ልጁ በሰውየው እየተጫወተበት እንደሆነ ጠርጥሮ እናቱን ሲጠይቃት፣ ፖል ሰው ገድሎ እንደማያውቅ ትነግረዋለች። አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ለአንዱ ተመልካች ጭካኔ፣ ለሌላው ርኅራኄ ሆኖ ታየ፤ እውነቱን የምታውቀው ስልቱ ከየት እንደመጣ የምታውቀው እናት ብቻ ናት።

የ2024ቱን ሁለተኛ ክፍል የመጨረሻ ግጥሚያ ከዚህ ጎን ስናስቀምጠው የፖል ታሪክ ሙሉ በሙሉ ይነበባል። ተቀናቃኙ ፌይድ ራውታ ከዚያ በፊት በአደባባይ እስረኞችን ሲገድል አይተነዋል፤ እንደ ሌሎቹ ያልደነዘዘ አንድ እስረኛ ሲገጥመው ከመፍራት ይልቅ ደስ ይለዋል፤ ለእርሱ ድብድብ ድግስ ነው። ፖል በዚህ ሰው ፊት ሲቆም እንደ ጃሚሱ ጊዜ «እጅህን ስጥ» አይልም። በሁለቱ ፊልሞች መካከል ልጁ ቢላዋ አያያዙን አላሻሻለም ማለት ይቻላል፤ የጠፋችው ያቺ የመጨረሻዋ መዘግየት ናት። አዘጋጁ ዴኒ ቪልነቭ ስለ ሥልጣንና ስለ ነቢይነት አደገኛነት በብዙ ንግግር ያላስረዳውን በዚህች ልዩነት አስረድቶታል።

ከተዋናይ የሚፈልቅ ስልትም አለ። በ1966 በ«ስታር ትሬክ» ተከታታይ ድራማ አንድ ክፍል፣ ስክሪፕቱ ስፖክ ተቀናቃኙን ከኋላው በመሣሪያ ሰደፍ እንዲመታው ያዛል። ተዋናዩ ሌናርድ ኒሞይ ይህ በምክንያት ለሚመራ፣ ግፍን ለሚጠየፍ ሕዝብ ልጅ አይሆንም አለና በትከሻና በአንገት መካከል ቆንጠጥ አድርጎ ራስ የሚያስት አያያዝ ፈጠረ። ከዚያ ወዲያ ያቺ ቁንጠጣ ከገጸ ባሕርዩ ሹል ጆሮዎች እኩል መለያው ሆነች። ካፒቴን ከርክ በዚያው መርከብ ላይ ሁለት እጁን ቆልፎ እየቀጠቀጠ፣ እየተንከባለለ፣ ሸሚዙ እየተቀደደ የሚዋጋ ሰው ነው፤ ስሜቱ ከእጁ አይርቅም። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ለገጸ ባሕርይ ንድፍ ከሚሰጥ ትምህርት አያንስም።

ማሽን ጠባይ የለውም የሚል ሰው ደግሞ የጄምስ ካሜሮንን ሁለት «ተርሚኔተር» ፊልሞች ይመልከት። የ1984ቱ ማሽን አይሸሽም፣ አይመክትም፣ አይጎነበስም፤ ጥይት እየወረደበት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ አስፈሪነቱ ከኃይሉ ይልቅ ከአለመልቀቁ ነው። በ1991 ያው አካል፣ ያው ክንድ ይመለሳል፤ አንድ ልጅ ግን ሰው እንዳይገድል ያዝዘዋል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ሲተኩስ እግር እየመረጠ ነው። በፖሊሶች ላይ ያን ሁሉ እሳት ካዘነበ በኋላ ዐይኑ ላይ የሚታየው የሰው ጉዳት መጠን ዜሮ ነው። ተመልካች ለብረት ማዘን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ በፊልሙ መጨረሻ ለሚፈስሰው እንባም መሠረቱ የተጣለው እዚሁ ነው።

ካሜሮን በ1986ቱ «ኤሊያንስ» ሪፕሊ ለተባለችው ሴት የሰጣት ስልት ደግሞ ለእኛ አገር ፊልም ሠሪ ከሁሉም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ሪፕሊ ወታደር አይደለችም። በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ፣ ከወታደሮቹ ጋር ሥራ ፈትታ መቆሟ አሳፍሯት፣ ጭነት የሚያነሣውን ሰው የሚገባበት ማሽን መንዳት እንደምትችል ትናገራለች፤ ገብታም አንድ ከባድ ሣጥን አንሥታ ወዴት ላድርገው ብላ ትጠይቃለች። ትዕይንቱ ቀልድ መስሎ ያልፋል። በመጨረሻ ልጅቷን ለማዳን ከግዙፏ ፍጡር ጋር ስትገጥም ይዛ የምትወጣው ያንኑ የጭነት ማሽን ነው። በሠራተኛ እጅ፣ በሥራ ዕቃ፣ ባወቀችው እንቅስቃሴ ትዋጋለች፤ ታነሣለች፣ ትገፋለች፣ ወደ ውጭ ትጥላለች። ሪፕሊን ድንገት የማርሻል አርት ባለሙያ ቢያደርጋት ኖሮ ትዕይንቱ ይበልጥ ያምር ይሆናል፤ ሴትዮዋ ግን ትጠፋ ነበር።

ከቅርቦቹ በዚህ መንገድ እጅግ ሩቅ የሄደው በ2022 የወጣው «ኤቭሪቲንግ ኤቭሪዌር ኦል አት ዋንስ» ነው። በዚያ ፊልም ሰዎች ከሌላ ዓለም ካለው አምሳያቸው ችሎታ ይዋሳሉ፤ ስለዚህ ማንም ማንኛውንም ነገር መቻል ይችላል። ከሌላ ዓለም የመጣው የዋናዋ ገጸ ባሕርይ ባል አምሳያ ዌይመንድ በግብር መሥሪያ ቤት ውስጥ ጥበቃዎችን በወገብ ቦርሳ ይዘርራቸዋል፤ ተዋናዩ ኪ ሁይ ኳን ከብዙ ዓመታት በፊት በሌሎች ፊልሞች የድብድብ ቅንብር ረዳት ሆኖ ስለሠራ እንቅስቃሴው ከልምድ የመጣ ነው። ነገር ግን ፊልሙ ይህን ዌይመንድ ትቶ ወደ ደካማው፣ ወደ ለስላሳው ባል ይመለሳል። እርሱ መሣሪያ የለውም፤ ሰዎች ደግ እንዲሆኑ ብቻ ይለምናል፣ ይህም የእርሱ የመዋጊያ መንገድ እንደሆነ ይናገራል። ሚስቱ ኤቭሊን በደረጃው ላይ ባለው የመጨረሻ ግጥሚያ ያንኑ ትወስዳለች፤ እያንዳንዱን ጠላት የጎደለውን እየሰጠች ታልፈዋለች፣ የአንዱን የተጣመመ ጀርባ እንኳ ታቃናለታለች። እንቅስቃሴው አሁንም ኩንግ ፉ ነው፤ ፍጥነቱም ያው ነው፤ እጁ የሚደርስበት ቦታ ግን ተለውጧል። ኳን በ2023 በረዳት ተዋናይነት ኦስካር ሲሸለም ብዙዎች ስለ ሕይወት ታሪኩ አወሩ፤ እኔ ግን ሁለቱን ዌይመንዶች በአቋም ብቻ መለየቱ ለሽልማቱ በቂ ነበር እላለሁ፤ የአንዱ ትከሻ ቀጥ ያለ ነው፣ የሌላው ወደ ውስጥ የተሰበሰበ።

ይህ ሁሉ የሚከሽፍባቸው ፊልሞች ጥቂት አይደሉም። ብዙ ገንዘብ በሚፈስባቸው የልዕለ ኃያላን ፊልሞች ውስጥ ሳይንቲስቱ፣ ሰላዩ፣ ንጉሡና ሌባው አንድ ዓይነት ዝላይ ይዘላሉ፣ አንድ ዓይነት ውርወራ ይወረውራሉ። ካሜራው በየሰከንዱ ሲቆራረጥ ደግሞ የማን እጅ የማንን ፊት እንደመታ እንኳ አይለይም። ጥፋቱ የስታንት ባለሙያዎቹ አይመስለኝም፤ ድብድቡ ስክሪፕቱ ላይ «ይፋለማሉ» ተብሎ በአንድ ቃል ሲታለፍ አቀናባሪው የሚሞላው በሚያውቀው ነው።

እዚህ አገር የተመልካቹን ሁኔታ የሚያከብድ ሌላም ነገር አለ። አብዛኛው ሰው የውጭ ፊልም የሚያየው ተራኪ በአማርኛ እየተረከ በሚያቀርበው ትርጉም ፊልም ነው። ተራኪዎቹ ባለ ውለታዎቻችን ናቸው፤ እናቶችና አባቶች ጭምር ከልጆቻቸው ጋር እኩል እንዲያዩ አድርገዋል። ሆኖም ተራኪው ንግግሩን ሲያሳጥርና የጸጥታውን ቦታ በማብራሪያ ሲሞላ፣ በጨረሩ በር ፊት ያለው ዓይነት ዝምታ ይደፈናል። «አሁን ተናደደ» ተብሎ ከተነገረን በኋላ መናደዱን ከትከሻው ለማየት አንደክምም። ቁራጭ ቪዲዮው ደግሞ በተቃራኒው ድብድቡን ሙሉ አድርጎ ያሳያል፣ የስልቱን ታሪክ ግን ይቆርጠዋል። አንዱ ትርጓሜውን አስቀድሞ ይሰጣል፤ ሌላው መተርጎሚያውን ይነሣል። ከሁለቱ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ታሪኩ አለ።

በአገራችን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ገና ጀማሪ ነው። በ2015 የወጣው፣ በዳሎል አካባቢ ጭምር የተቀረጸው «ክረምብስ» አዘጋጁ ስፔናዊ ቢሆንም በአማርኛ የሚናገር ሲሆን፣ ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ዋና ገጸ ባሕርይ ተዋጊ አይደለም፤ የሚፈራ፣ አካሉ ያጎነበሰ ሰው ነው፤ ፊልሙ ያንን አካል አክብሮ መከተሉ ከጥንካሬዎቹ አንዱ ነው። በባሕር ዳር አነስተኛ ካሜራና የኮምፒውተር ማቀነባበሪያ ይዘው ሙከራ የሚያደርጉ ወጣቶች ግን በብዛት የሚቀዱት ከውጭ ያዩትን ድብድብ ነው፤ የሆንግ ኮንግ ዝላይ፣ የአሜሪካ ወታደር ጠመንጃ አያያዝ። ገጸ ባሕርዩ የየት ሰው እንደሆነ ከስሙ በቀር ምንም አይነግረንም።

እንበልና ታሪኩ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እምቦጭ ሐይቁን ውጦት የውሃው መንገድ በታጠቁ ሰዎች እጅ በሆነበት ጣና ላይ ይፈጸማል፤ አክተሩም ታንኳ ቀዛፊ ነው። ይህ ሰው እንዴት ይዋጋል? ከልጅነቱ ጀምሮ ጠባብ የደንገል ታንኳ ላይ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ የኖረ ሰው ነው፤ አንድ ያልታሰበበት እንቅስቃሴ ታንኳውን እንደሚገለብጥ አካሉ ያውቃል። ስለዚህ አይዘልም፤ ክብደቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ኃይሉ የሚመነጨው ከወገቡና ከትከሻው ነው። በእጁ የለመደው የቀርከሃ መቅዘፊያ በሁለቱም ጫፍ፣ በግራና በቀኝ እየተፈራረቀ የሚሠራ ነው፤ ሲመክትም ሲመታም ያንኑ ምት ይጠብቃል። ባላጋራው የብስ ላይ የሠለጠነ ወታደር ከሆነ ሁለቱን የሚለያቸው ታንኳው ሲናወጥ ነው፤ አንዱ ይነሣል፣ ሌላው ይቀመጣል። ከዚያ ደግሞ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል፤ ቀዛፊው የተማረው ሰው ማሻገር ነውና፣ ባላጋራው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ መቅዘፊያውን ይዘረጋለታል ወይስ አይዘረጋም? ሲዘረጋለት ልማዱን ጠበቀ፤ ሲነሣው ልማዱ ተሰበረ፤ የፊልሙ ታሪክ በየትኛው በኩል እንደሚሄድ የሚወስነውም ይኸው ነው።

ይህንን ለመቅረጽ የብርሃን ሰይፍም ሆነ ውድ የኮምፒውተር ሥራ አያስፈልግም፤ ካሜራውን ሳይቆራርጡ ሁለት ደቂቃ ማስቆም ይበቃል። ስክሪፕቱ ሲጻፍም ከካራቴ አሠልጣኝ በፊት መማከር ያለበት፣ በየማለዳው ከሐይቁ ማዶ እንጨት ጭኖ የሚሻገር ቀዛፊ ነው።